አያ አለልኝ የሠሩት አፎት

አያ አለልኝ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከዐሥር ቀን በኋላ ነው። ከቡሬ የመጣ አንድ እህል ነጋዴ መናኸሪያው ፊት ለፊት አገኘኝና ስለ ዘንድሮው በቆሎ ስናወራ ቆየን። ሊለየኝ እጁን ከዘረጋ በኋላ፣ «ያ ኮርቻ ሠሪው ሽማግሌ እኮ ሞተ» አለኝ።

«የትኛው?» አልሁት፣ የትኛው እንደሆነ እያወቅሁ።

«ወደ ነቀምቴ በሚገነጠለው መንገድ ዳር የነበረው። አለልኝ።»

ቤቴ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ተቀመጥሁ። ባለቤቴ ምን ሆንህ ብትለኝ፣ «ሰው ሞተብኝ» አልኋት። ዘመድ መስሏት ነጠላዋን ለማዘቅዘቅ ተነሣች። ዘመድ አይደለም ለማለት አፌ እሺ አላለኝም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

የተዋወቅነው በሥልሳዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ከደብረ ማርቆስ ፍኖተ ሰላም መጣሁና ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ ራፖር ጸሐፊ ሆኜ ተቀመጥሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ዱካ፣ አንድ የቀለም ብልቃጥ። በረንዳው እኩል ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከምሰሶው ወዲህ እኔ፣ ከምሰሶው ወዲያ አያ አለልኝ። እኔ ጋ ሰው ክስ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ጋ የተበጠሰ ኮርቻ፣ የተቀደደ አቁማዳ፣ አዲስ የሚሠራ ዝናር ይዞ ይመጣል።

ዛሬ አንቱ እያልሁ የምጽፍላቸውን ሰው ያኔ እንደ ገበያው ሰው ሁሉ «አንተ» ነበር የምላቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ግን ፋቂ ናቸው፤ ቆዳ አልፊ። በዚያ ዘመን ፋቂን አንቱ የሚል ሰው አልነበረም። ሕፃን እንኳን በስማቸው ነበር የሚጠራቸው። «አያ» የምትለውን እንኳ የጨመርሁት ኋላ ነው፤ መቼ እንደጨመርኋት እነግራችኋለሁ።

ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበሩ። እጆቻቸው ቆዳ ከሚያለፉበት የዛፍ ቅርፊት ቀለም የተነሣ እስከ ክርናቸው ድረስ ጠቁረው ነበር። ሲሰፉ ጅማቱን በጥርሳቸው ስለሚይዙ የሚናገሩት በከንፈራቸው ጥግ ነው፤ የማያውቃቸው ሰው የተቆጡ ይመስለዋል። ሥራ ይዞ የመጣውን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «በየትኛው እጅህ?» ከዚያ፣ «እስኪ ሂድና ተመለስ» ይሉታል። ሰውዬው እስከ መንገዱ ሄዶ ሲመለስ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ አረማመዱን ያያሉ። ዝናር የሚያሠራ ሽፍታ የመሰለ ሁሉ ለአያ አለልኝ ሲል ሄዶ ይመለሳል። መቼ ይደርሳል ላላቸው ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሲደርቅ።» ነገ ብለው አያውቁም፤ ቅዳሜ ብለው አያውቁም። «ሲደርቅ።»

አንድ ጊዜ ከገበዝ ማርያም አባ ጥሩነህ የሚባሉ ቄስ መጥተው ለዳዊታቸው ማኅደር አሠሩ። አባ ጥሩነህ በቋሪት ዕርቅ በማውረድ የታወቁ፣ ቅኔም የሚቆጥሩ ሊቅ ነበሩ። ዳዊቱን ለልክ ትተውት ሄዱና በሳምንቱ ሲመለሱ ዝናብ ይዟቸው ነበር። አያ አለልኝ ተነሥተው፣ «ይግቡ አባ፤ ዝናቡ እስኪያባራ» አሏቸው። ቄሱ ግን ከበረንዳው ጫፍ፣ ጠፈጠፉ እየነካቸው ቆሙ። የፋቂ ቤት አይገባማ። ማኅደሩን ተቀብለው አገላበጡትና፣ «እጅህ የተባረከ ነው» አሉ።

አያ አለልኝ ጅማታቸውን እንደነከሱ፣ «ዳዊቱስ ሳምንቱን ቤቴ አደረ አባ» አሉ። «ያላደሩት እርስዎ ነዎት።»

አባ ጥሩነህ ለቅኔ ጆሮ ነበራቸውና ቀና ብለው አዩዋቸው። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየሁ። ከዚያ ማኅደሩን ይዘው በዝናቡ ውስጥ ሄዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ ነው። ይግዛው የሚባል ሰው ከማንኩሳ በላይ ካለ አገር በበቅሎ መጣ። ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም አያልፍም። አባቱ በጣሊያን ጊዜ በረሃ የከረሙ አርበኛ ነበሩ፤ እሱንም አገሩ በእሳቸው ስም ነበር የሚያከብረው። ከሁለት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሙ በድንበር ጠብ ተገድሎበት ነበር። የገደለው ተሻለ የሚባል ጎረቤታቸው ነው። ተሻለ ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ ሲኖር ቆይቶ እናቱ አልጋ ላይ ስለዋለች ልመለስ ብሎ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ አባ ጥሩነህን ይዘው ስንት ወር ሲመላለሱ ከረሙና በመጨረሻ ይግዛው እሺ አለ። ዕርቁ በግንቦት ሚካኤል በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ እንዲሆን ተቆረጠ። ቃሉም በወረቀት ይስፈር ተባለ።

ለዚህ ነው መጀመሪያ እኔ ጋ የመጣው። ዱካው ላይ ሳይቀመጥ፣ አለንጋውን በጠረጴዛዬ ላይ አድርጎ፣ «ጻፍ» አለኝ።

ጻፍሁ። «እኔ ይግዛው የወንድሜን ደም ለእግዚአብሔርና ለሽማግሌዎች ብዬ ትቻለሁ። እኔም ሆንሁ ከእኔ የሚወለድ በዚህ ደም አይነሣም» የሚል ነው። ቃሎቹን ሲነግረኝ እኔን አላየኝም፤ ሌላ ሰው ያስጠናው ይመስል ሳይቆም ተናገረው። ከፈረመ በኋላ፣ «በቀኑ መጥተህ ታነበዋለህ» አለኝ። ከዚያ ምሰሶውን ዞረና አያ አለልኝ ፊት ቆመ።

«አንተ፣ አፎት ትሠራለህ?»

«እሠራለሁ ጌታው። የጎራዴ ነው?»

ይግዛው ከጉያው አንድ ጥቅልል አውጥቶ ፈታው። ስድስት ጎራሽ፣ ጥይት ቤቱ እየዞረ የሚተኩስ አሮጌ ሽጉጥ ነበር። የእጀታው እንጨት ከመያዝ ብዛት አብረቅርቋል፤ አፈሙዙ ላይ ቀለሙ ለቋል። «የአባቴ ነው። ከአንድ የጣሊያን መኮንን የማረኩት ነው። አፎቱን አይጥ በላው።»

አያ አለልኝ ሽጉጡን አልነኩትም። «በየትኛው እጅዎ ነው?»

«በቀኝ።»

«ወገብ ላይ ይሁን?»

«ወገብ ላይ አይደለም። እዚህ» ብሎ የግራ ብብቱን ነካ። «ጋቢ ስደርብበት እንዳይታይ። ብረት ዘለበት እንዳይኖረው። ስመዘው ድምፅ እንዳያሰማ።»

«ሲመዙት ቆመው ነው ተቀምጠው?»

«ተቀምጬ» አለ።

ብዕሬ እጄ ላይ ቀረ። በዕርቅ ላይ ተበዳዩ ከሽማግሌዎቹ መካከል ይቀመጣል። ገዳይ ነው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ የሚመጣው።

«እስኪ ሄደው ይመለሱልኝ» አሉ አያ አለልኝ።

«ለፋቂ ልሰለፍ ነው?»

«ለአፎቱ ነው ጌታው።»

ይግዛው ዙሪያውን አየና እስከ መንገዱ ሄዶ ተመለሰ። አያ አለልኝ ትከሻውን በክር ለኩ። ሽጉጡን ለልክ ይተዉልኝ ቢሉት ለአንድ ሰዓትም አልተውም አለ። ስለዚህ እዚያው ፊቱ ቁጭ ብለው በከሰል የሽጉጡን ቅርጽ በቆዳ ቁራጭ ላይ አነሡ፤ ውፍረቱን በክር፣ የእጀታውን ቅስት በስንዝር ወሰዱ። በእንጨት አምሳሉን ቀርፀው በእሱ ላይ እንደሚያለብሱት ነገሩት።

«መቼ ይደርሳል?»

«ሲደርቅ» የሚሉ መስሎኝ ነበር። «መቼ ይፈልጉታል?» አሉ።

«ከግንቦት ሚካኤል በፊት።»

በቅሎው ከዐይናችን እስኪሰወር ጠበቅሁ። ከዚያ ወደ ምሰሶው ጠጋ ብዬ፣ «ሰምተሃል አይደል?» አልሁ። «ወረቀቱን እኔ ጻፍሁት፤ አፎቱን ደግሞ አንተ ልትሠራለት ነው። ሰውዬውን ዕርቅ ላይ ሊገድለው ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ለፖሊስ እንናገር።»

ጅማቱን ከአፋቸው ሳያወጡ ሳቁ። «ማን ይናገር? እኔ? የአርበኛውን ልጅ ፋቂ ከሰሰው ይባል? ወይስ አንተ ትጽፈዋለህ፣ በስምህ?»

በስሜ እንደማልጽፈው እሳቸውም ያውቁ ነበር። ይግዛው ወገን ያለው፣ መሣሪያ ያለው ሰው ነው። እኔ ደግሞ ለአገሩ እንግዳ ነኝ።

«አልሠራም በለው እንግዲያው» አልሁ።

«አልሠራም ብዬ ብመልሰው ሽጉጡን በጉያው ይዞ ይሄዳል። ወይም ዕርቁን ትቶ ተሻለን በወራጅ ውኃ ላይ ብቻውን ሲያገኘው ይጨርሰዋል። እዚያ ቄስ የለ፣ ሽማግሌ የለ።» ቢላዋቸውን በድንጋዩ ላይ ሳሉ። «ሊመዘው ካልቀረ ሰው ባለበት ይምዘዘው። እኔ ብቻ አንዲት ትንፋሽ ባገኝ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

የሚቀጥለውን ሳምንት ሙሉ ሲሠሩ አየሁ። ከዋንዛ ሽጉጥ ቀረፁ፤ ከሩቅ ለሚያየው እውነተኛውን ይመስላል። ከበሬ ማጅራት የተወሰደ፣ በደንብ የለፋ ቆዳ ከላህ ወንዝ በመጣ ውኃ ነክረው በእንጨቱ ላይ አለበሱት። ለስላሳ ቀንድ ይዘው እየጫኑ የጥይት ቤቱን ክብ፣ የእጀታውን ጉንጭ፣ በአውራ ጣት የሚሳበውን ጫፍ ሳይቀር በቆዳው ላይ አወጡት። በማንገቻው ላይ በዘለበት ፈንታ ከቀንድ የተቀረፀ ቁልፍ ሰፉበት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥራ አላየሁም። ባየሁት ቁጥር ፊቴን ወደ ወረቀቴ አዞር ነበር።

ሐሙስ ላይ ነው እንግዳ ነገር ያየሁት። የአፎቱን አፍ ከውስጥ የሚያለብሱት ሁልጊዜ በቅቤ በታሸ ለስላሳ ቆዳ ነው። አሁን ግን ያልለፋ ጥሬ ጠፍር አውጥተው፣ አሳስተው ፍቀው፣ በሰም ቀብተው ውስጡን ዙሪያውን ሰፉት።

«ምነው ጥሬ አደረግኸው?» አልሁ።

ወደ መንገዱ አዩ። ማንም አልነበረም። «የሚሄደው በበቅሎ ነው?»

«አዎ። ከቤቱ እስከ ሚካኤል ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።»

«ሰዓቱስ?»

«ከቅዳሴ በኋላ፤ እኩለ ቀን ግድም።»

«ጋቢ ደርቦ፣ በግንቦት ፀሐይ» አሉ። ከዚያ አንድ የጠፍር ቁራጭ ቀለበት አድርገው ጣታቸው ላይ አጠለቁ። ልል ነበር፤ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያዙትና ሥራቸውን በአንድ እጅ ቀጠሉ። ጥቂት ቆይተው ጨርቁን ገልጠው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ሳበው።»

ሳብሁት። ጠፍሩ አብጦ ጣታቸውን ይዞታል። በሦስተኛው ነው የወጣልኝ።

«ላብም እንደዚሁ ያደርገዋል» አሉ። «ዛሬ ደረቅ ነው፤ ቢፈትነው ይወጣለታል። ብብቱ ሥር ሁለት ሰዓት ሲውል ግን ያብጣል። ለዘላለም አይይዘውም። ትንሽ ነው የሚይዘው።»

«ካልያዘስ?»

አዲስ ጅማት ነክሰው ስፌታቸውን ቀጠሉ።

ቅዳሜ ይግዛው መጣ። ከጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ የማላውቀውን ሰው አቤቱታ እየጻፍሁ ነበር፤ ምን እንደጻፍሁ አላውቅም። አፎቱን አጠለቀ፣ ጋቢውን ደረበ፣ በአያ አለልኝ ዱካ ላይ ተቀመጠና እጁን ወደ ውስጥ ላከ። ሽጉጡ ያለ ኮሽታ ወጣ። ደገመው። ሠለሰው። በሦስተኛው አፈሙዙ በአያ አለልኝ ደረት ላይ ነበር።

«ሥራህ ጥሩ ነው» አለ፤ ሽጉጡን ሳያወርድ። «ለምን እንደሠራኸው ታውቃለህ?»

«እኔ ጌታው፣ ለየትኛው እጅ እንደሠራሁት አውቃለሁ።»

ይግዛው ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ሽጉጡን ወደ አፎቱ መልሶ ሄደ። አያ አለልኝ ወስፌአቸውን አንሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በግንቦት ሚካኤል ከማለዳ ጀምሮ ፀሐዩ ይፋጅ ነበር። ወረቀቱን በደረት ኪሴ ይዤ ደረስሁ። በዋርካው ሥር ሽማግሌዎቹ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፤ አባ ጥሩነህ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መካከል ላይ ናቸው። በቀኛቸው ይግዛው ጋቢውን እስከ አንገቱ ተከናንቦ ተቀምጧል። ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። ሕዝቡ ከኋላ ቆሟል። ከሕዝቡም ኋላ፣ ከቅጥሩ ካብ ውጭ፣ ብቻቸውን የቆሙ አንድ ረጅም ሰው አየሁ። አያ አለልኝ ነበሩ። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተዋል። ማንም አልጠራቸውም፤ ቢመጡም የሚያስጠጋቸው የለም።

ተሻለ መጣ። ባዶ እግሩን፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ማጅራቱ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክሞ። ከይግዛው ሁለት እርምጃ ላይ ተንበረከከ። «ስለ እግዚአብሔር» አለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

«ጸሐፊው ያንብብ» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ወረቀቱን ዘረጋሁ። «እኔ ይግዛው» አልሁ። ቀና ስል ቀኝ እጁ ጋቢው ውስጥ ሲገባ አየሁ። መጮህ ነበረብኝ። ያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ። ግን ማንበቤን ቀጠልሁ፤ ያነበብሁ ከመሰለኝ ምንም የማይሆን ይመስል። «የወንድሜን ደም» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣኝም።

የይግዛው ትከሻ ወደ ላይ ነጠቅ አለ። እጁ ግን አልወጣም። ፊቱ ላይ የመጣው ነገር ንዴት አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነበር። ተሻለም ቀና ብሎ አየው፤ ገባው። አልሸሸም። ዐይኑን ጨፍኖ መልሶ አጎነበሰ። የይግዛው ትከሻ ሁለተኛ ነጠቅ ሲል አባ ጥሩነህ በሁለት እጃቸው ክንዱን ከጋቢው በላይ ያዙት። መስቀላቸው መሬት ላይ ወደቀ።

«ልጄ» አሉት ቀስ ብለው። «እጅህን አውጣው። ባዶውን።»

የይግዛው ላብ በአፍንጫው ጫፍ ሲንጠባጠብ አየሁ። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወጣ። ባዶ ነበር። አባ ጥሩነህ መዳፉን ይዘው በተሻለ ራስ ላይ አኖሩት። ይግዛው ጮክ ብሎ ማልቀስ ጀመረ፤ ወንድሙ የሞተ ዕለትም እንደዚያ አላለቀሰም አሉ። «ይቅር ብያለሁ» የምትለዋን በልቅሶው መካከል ነው የተናገራት። ሕዝቡ እልል አለ። ወደ ካቡ ዞር ስል አያ አለልኝ የሉም ነበር።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ሲያዩኝ፣ «እንደምን አደሩ አያ አለልኝ» አልኋቸው። እጃቸው ከሥራው ላይ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን ይግዛው ብቻውን መጣ። ከበቅሎው ሳይወርድ አፎቱን ከነሽጉጡ በእግራቸው ሥር ወረወረው። ቆዳው ደርቋል። ወረደና አንሥቶ ሳበው፤ ሽጉጡ ያለ ኮሽታ ወጣ። «እዚህ ይወጣል» አለ። «እዚያ ያዘብኝ። ዕቃው ነው ወይስ አንተ?»

አላውቅም ማለት ይችሉ ነበር። እርጥበት ነው፣ ላብ ነው ማለት ይችሉ ነበር። እንዲሉት በልቤ ለመንኋቸው።

አያ አለልኝ ጅማቱን ከጥርሳቸው መካከል አወጡት። «እኔ ነኝ» አሉ።

«አውቀህ?»

«አውቄ።»

አፈሙዙ ግንባራቸው ላይ አረፈ። ተነሣሁ፤ ዱካዬ ወደቀ፤ ከዚያ ያለፈ ምንም ማድረግ አልቻልሁም።

«እኔም ወንድም ነበረኝ» አሉ አያ አለልኝ። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። «ቆዳ ይዞ ከቡሬ ሲመለስ ገደሉት። አገሩ ሁሉ ማን እንደገደለው ያውቃል። ለፋቂ ደም የተቀመጠ ሽማግሌ የለም ጌታው። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣልኝ የለም። ሰውዬው በየቅዳሜው እዚህ ገበያ ይመጣል። ወገቡ ላይ የታጠቀው ዝናር የእኔ ሥራ ነው።»

የይግዛው እጅ ትንሽ ወረደ። «እንዴት ቻልኸው?»

«አልቻልሁትም» አሉ። «እርስዎ ግን ሽማግሌ ተቀምጦልዎት ነበር።»

ይግዛው ሽጉጡን በጉያው ከተተ። ሲናገር ሁለታችንንም አላየንም። «ከዚህ አገር ውጣ» አለ። «እኔ ምን ላደርግ እንደነበር የሚያውቅ ፋቂ በየገበያው እያየሁ አልኖርም። የሚመጣው ቅዳሜ እዚህ ካገኘሁህ ያን ጊዜ ሽማግሌ የለም።»

አያ አለልኝ አልተከራከሩም። ሐሙስ ዕለት ባለቤታቸውንና ዕቃቸውን ይዘው ወደ ቡሬ ሄዱ። ቆዳ ማልፊያውን ገንዳ ከእሳቸው ጋር አንሥቼ ጋሪ ላይ ጫንሁ፤ ያደረግሁላቸው ይኸው ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ከምሰሶው ወዲያ አንድ ልብስ ሰፊ ገባ፤ ሁሉን ለነገ ይደርሳል የሚል ሰው ነበር።

ይግዛውና ተሻለ እስከ መጨረሻው ጎረቤት ሆነው ኖሩ። ፍቅር ነው አይባልም፤ ግን ሠርግና ለቅሶ አልተቋረጡም። ይግዛው የበቅሎውን ኮርቻ ከዚያ ወዲህ በሰው ልኮ ቡሬ ያሠራ ነበር አሉ። ራሱ ሄዶ አያውቅም። አያ አለልኝም ኮርቻውን ይሠሩለት ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ለሥራ ቡሬ በሄድሁ ጊዜ ነው። ጠጉራቸው ነጥቷል፤ ዐይናቸው ደክሟል፤ ጅማቱ ግን አሁንም ከንፈራቸው ጥግ ላይ ነው። ባለቤታቸው ጠላ ቀዳችልኝና ቤታቸው ገብቼ ጠጣሁ። ስነሣ መንገድ ድረስ ሸኙኝ። ብዙ ዓመት በሆዴ የያዝሁትን ነገር ያን ጊዜ ተናገርሁት።

«አያ አለልኝ፣ ያን ቀን እጁ ሲገባ አይቼ ነበር። አልጮህሁም። ማንበቤን ቀጠልሁ። እርስዎ ሁሉን አደረጉ፤ እኔ ግን ፈራሁ።»

ቆም አሉ። «አፎቱ እኮ አንዴ ነው የያዘው» አሉኝ። «በሁለተኛው ሲስበው ለቆታል። እኔ ከካቡ ላይ ሆኜ እጀታው ከጋቢው ሥር ብቅ ሲል አይቻለሁ። ልዘልል እግሬን አንሥቼ ነበር፤ አልደርስም ነበር።»

«ታዲያ?»

«አባ ጥሩነህ መሬት መሬት እያዩ ይጸልዩ ነበር። ያንተ ንባብ ሲቆረጥ ነው ምን ሆነ ብለው ቀና ያሉት። ቀና ሲሉ እጁን አዩት። አንብበህ ጨርሰህ ቢሆን ኖሮ ተሻለ አልቆ ነበር።»

መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «ሂድ እንግዲህ» አሉኝ።

እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ በመስኮቱ እያየሁ ምንም አላየሁም። ይህን የነገሩኝ እውነት ስለሆነ ይሁን ወይስ ልቤ እንዲያርፍ ብለው፣ ዛሬም አላውቅም። ከካቡ እስከ ዋርካው ሩቅ ነው። ብቻ ባወቅኋቸው ዘመን ሁሉ፣ ሽጉጥ ግንባራቸው ላይ ተደግኖ እንኳን፣ ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም።